ቀይና ነጩ ዘንግ፦ በመሬት ቅየሳ የሚዘነጋው የስሕተት ምንጭ

በውጭ አገር የሚኖር ሰው አገር ቤት ባለው ቦታ ላይ ቤት ሲያሠራ፣ ዘመድ በስልክ ቀርጾ ከሚልክለት ቪዲዮዎች አንዱ ችካል የሚተከልበት ቀን ነው። በምስሉ ላይ አንድ ቀያሽ በባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ ወደተቀመጠ መሣሪያ ጎንበስ ብሎ ይታያል። ከእርሱ ሠላሳ ወይም አርባ ሜትር ርቆ ደግሞ ሌላ ሰው ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባ ዘንግ ይዞ ቆሟል። የቀራጩም የተመልካቹም ዓይን የሚያርፈው በመሣሪያው ላይ ነው፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ቶታል ስቴሽን የሚለው ስሙም ግርማ አለው። ዘንጉን ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ከጥቂት ወራት በኋላ አጥሩ ወደ ጎረቤት ይዞታ ገብቷል፣ ወይም የፍሳሽ ቧንቧው ወደ ኋላ ይፈስሳል የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ምክንያቱ ከውዱ መሣሪያ ይልቅ በዚያ ርካሽ ዘንግ ላይ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶታል ስቴሽን መሬትን አይለካም። የሚለካው በዘንጉ አናት ላይ የተገጠመውን ፕሪዝም ነው። መሣሪያው ብርሃን ይልካል፣ ፕሪዝሙ ብርሃኑን ይመልሳል፣ ከዚያም መሣሪያው ርቀቱን፣ የአግድሞሹን ማዕዘንና የከፍታውን ማዕዘን አንድ ላይ አስልቶ የፕሪዝሙን ቦታ ያውቃል። የሚያውቀው እንግዲህ በአየር ላይ የተንጠለጠለችን አንዲት ነጥብ ነው። ከዚያች ነጥብ አንሥቶ እስከ ችካሉ ራስ ያለውን አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር የሚሸከመው ዘንጉ ብቻ ነው። መሣሪያው ዘንጉ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ ቁመቱም የተነገረውን ያህል መሆኑን አምኖ ይቀበላል፤ የሚያጣራበት መንገድ የለውም።

የሁለቱን ትክክለኛነት በቁጥር ማነጻጸር ይቻላል። በግንባታ ሥራ ላይ የተለመደ፣ የማዕዘን ትክክለኛነቱ 5 ሰከንድ የሆነ ቶታል ስቴሽን በ100 ሜትር ርቀት ላይ ወደ ጎን ሊስት የሚችለው 2.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በርቀት ልኬት የሚስተውም ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በአንጻሩ የ2 ሜትር ዘንግ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ መጠን፣ ይኸውም በ40 የማዕዘን ደቂቃ፣ ቢያዘነብል ፕሪዝሙ ከነጥቡ በላይ መሆኑ ቀርቶ 23 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይወጣል። ዓይን ይህን ያህል ማዘንበል አይለይም። በመሣሪያው ጥራት የተገኘው ሁሉ ግን በዚያች ቅጽበት ዐሥር እጥፍ በሚሆን ስሕተት ተውጧል።

ብርሃን ወደ መጣበት የሚመለስበት ብልኀት

በብርሃን ርቀትን መለካት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ስዊድናዊው ኤሪክ በርግስትራንድ ጂኦዲሜትር የተባለውን መሣሪያ በሠራበት ጊዜ። የዚህ ዘዴ አንዱ ፈተና የተላከው ብርሃን በትክክል ወደ መጣበት እንዲመለስ ማድረግ ነበር። ተራ ጠፍጣፋ መስታወት ጥቂት ዘወር ካለ ብርሃኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወረውረዋል። መፍትሔው ሦስት ገጽታዎች እርስ በርሳቸው በ90 ዲግሪ የሚገናኙበት የመስታወት ማዕዘን ነው። ሁለት ግድግዳና ወለል የሚገናኙበትን የክፍል ጥግ ያስቡ፤ ሦስቱም መስታወት ቢሆኑ ከየትኛውም ወገን የገባ ብርሃን በሦስቱም ላይ ነጥሮ፣ ከገባበት መስመር ጋር ትይዩ ሆኖ ይወጣል። የብስክሌት የኋላ አንጸባራቂም በዚሁ ብልኀት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች እንዲህ ያሉ 100 ፕሪዝሞች የተደረደሩበትን ሰሌዳ ጨረቃ ላይ ትተው ተመልሰዋል፤ ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ከምድር የሌዘር ብርሃን እየላኩ፣ ሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ ጠብቀው መልሱን በመቀበል የጨረቃን ርቀት ይለኩበታል።

ይህ ብልኀት ለቀያሹ በረከት የሆነውን ያህል ፈተናም ይዞ መጥቷል። ፕሪዝሙ ዘወር ቢል፣ ዘንጉም ቢያዘነብል ብርሃኑ ያለ ችግር ይመለሳል። መሣሪያው ድምፅ ያሰማል፣ ቁጥር ያወጣል፣ ቁጥሩም እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ ተጽፎ ይታያል። ቅሬታ የለውም። ዘንግ ያዡ ስልኩን እያየ ቢቆምም ባይቆምም የሚወጣው ቁጥር መልኩ አንድ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላም ነገር አለ። ብርሃን በመስታወት ውስጥ ሲያልፍ ፍጥነቱ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ወደ ሁለት ሦስተኛው ይወርዳል። ስለዚህ መሣሪያው ብርሃኑ የዘገየበትን ጊዜ እንደ ተጨማሪ ርቀት ይቆጥረዋል። ይህ ትርፍ ርቀትና ፕሪዝሙ በማቀፊያው ውስጥ የተቀመጠበት ቦታ ተደምረው የፕሪዝም ቋሚ ቁጥር የሚባለውን ይሰጣሉ። በብዙ ፕሪዝሞች ላይ 0 ወይም -30 ተብሎ ተጽፎ የሚታየው ይህ ቁጥር ነው፤ -30 ማለት ከእያንዳንዱ ርቀት 30 ሚሊ ሜትር ይቀነስ ማለት ነው። የኩባንያዎች አቆጣጠር አንድ አለመሆኑ ነገሩን ያወሳስበዋል። ላይካ የራሱን መደበኛ ክብ ፕሪዝም እንደ 0 ይቆጥራል፤ ያው ፕሪዝም በሌሎች አቆጣጠር -34.4 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱን ኩባንያ ፕሪዝም በሌላው መሣሪያ መጠቀም ክልክል አይደለም፤ ቁጥሩን ሳይቀይሩ መጠቀም ግን በየልኬቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሳት ነው።

ይህ ስሕተት የሚያስከትለው ነገር መሣሪያው በቆመበት ቦታ ይወሰናል። ስፋቱ 20 በ20 ሜትር የሆነ ቦታ እንውሰድ። መሣሪያው በቦታው መሃል ቆሞ አራቱ ማዕዘኖች ቢለኩና እያንዳንዱ ርቀት 3 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም፣ ማዕዘኖቹ ሁሉ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ጎኑ 20.04 ሜትር፣ ስፋቱም 401.7 ካሬ ሜትር ይሆናል። መሣሪያው ርቆ ከውጭ ከቆመ ግን ስፋቱ ብዙም ሳይለወጥ ቦታው በሙሉ ወደ አንድ ወገን ይንሸራተታል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ካሬ ሜትሩን ብቻ የሚቈጥር ሰው ምንም እንዳልተበላሸ ያስባል።

ቋሚ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ለማጣራት አስቀድሞ የታወቀ ርቀት እንኳ አያስፈልግም። በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ሦስት ነጥቦችን መምረጥ፣ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ያለውን በአንድ ጊዜ መለካት፣ ከዚያ መንገዱን በመካከለኛው ነጥብ ከፍሎ ሁለቱን ቁራጮች ለየብቻ መለካት በቂ ነው። ስሕተቱ በሙሉው ልኬት ላይ አንድ ጊዜ፣ በቁራጮቹ ድምር ላይ ግን ሁለት ጊዜ ይገባል። ድምሩ ከሙሉው በ30 ሚሊ ሜትር ከበለጠ፣ በየልኬቱ የገባው ስሕተት 30 ሚሊ ሜትር ነው።

ዘንግ ሲመረጥ በመጀመሪያ የሚታየው

ዘንግ ሊገዙ የሚመጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ርዝመቱንና የተሠራበትን ነገር ነው። በእኔ ግምት መቅደም ያለበት ጥያቄ የውኃ ልኩ ነው። በዘንጉ ላይ ደረት አካባቢ የተገጠመው ክብ ውኃ ልክ በውስጡ የአየር አረፋ አለው፤ አረፋዋ በመሃለኛው ቀለበት ውስጥ ስትቆም ዘንጉ ቀጥ ብሏል ይባላል። ቀጥ ማለቱ ግን የውኃ ልኩ የንቃት ደረጃ የሚፈቅደውን ያህል ነው። ባለ 40 ደቂቃ ውኃ ልክ አረፋዋ በ2 ሚሊ ሜትር ስትንቀሳቀስ ዘንጉ 40 ደቂቃ እንዳዘነበለ ይናገራል፤ ባለ 8 ደቂቃው ደግሞ ለዚያችው 2 ሚሊ ሜትር 8 ደቂቃ ብቻ። በ2 ሜትር ቁመት የመጀመሪያው 23 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 4.7 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሁለቱ ዘንጎች መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነታቸው አይታይም፤ በሥራ ላይ ግን አንዱ ለወሰንና ለምሰሶ ሥራ፣ ሌላው ለጉድጓድ ቁፋሮና ለአፈር ሥራ የሚሆን ነው።

ማዘንበል የሚያበላሸው የነጥቡን ቦታ እንጂ ከፍታውን አለመሆኑም መታወቅ አለበት። የ2 ሜትር ዘንግ በ40 ደቂቃ ሲያዘነብል ቁመቱ የሚያጥረው ከአንድ ሚሊ ሜትር ስድስተኛ ባነሰ መጠን ነው። ስለዚህ ለከፍታ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ሰው በአረፋዋ ላይ መጨነቅ የለበትም፤ የእርሱ ጭንቀት ሌላ ቦታ ነው።

ያ ሌላ ቦታ የዘንጉ ቁልፍ ነው። ዘንጎች እንደ ሬዲዮ አንቴና እየተሳቡ የሚረዝሙ ናቸው። አንዳንዱ ተጠምዝዞ ይጠብቃል፣ አንዳንዱ በመያዣ ይጨመቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ በተወሰኑ ቁመቶች ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ፒን ገብቶ ይቆለፋል። ተጠምዝዞ የሚጠብቀው የፈለጉትን ቁመት ይሰጣል፤ ነገር ግን አቧራ ሲገባበትና ሲያረጅ፣ ያዡ ዘንጉን ጠንካራ መሬት ላይ ሲጫነው ቀስ እያለ ይወርዳል። ባለ ፒኑ በመካከል ያለ ቁመት አይሰጥም፤ ግን አይንሸራተትም፣ ለማንበብም አያሳስትም። በየቀኑ ብዙ ነጥብ ለሚለካ ቡድን ባለ ፒኑን እመርጣለሁ።

የቁመት ስሕተት ለምን እንደሚያስፈራ የፍሳሽ ቧንቧ ጥሩ ምሳሌ ነው። በመቶ አንድ ተዳፋት ያለው ቧንቧ በየ10 ሜትሩ የሚወርደው 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ዘንግ ያዡ በአንዱ ጫፍ በ1.50 ሜትር ለክቶ፣ በሌላው ጫፍ የአሸዋ ክምር ስለጋረደው ዘንጉን ወደ 1.60 አርዝሞ ለቀያሹ ሳይነግረው ቢቀር፣ ሁለተኛው ጫፍ ከእውነቱ በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይመዘገባል። በዚህ ቁጥር የሚቆፍር ሰው የ10 ሜትሩን ተዳፋት እንዳለ ያጣዋል። በአንጻሩ መነሻው ቤንች ማርክም፣ ሌሎቹ ነጥቦችም ሁሉ በአንድ ዘንግ፣ በአንድ ቁመት ከተለኩ፣ ቁመቱ በስሕተት ቢመዘገብ እንኳ ስሕተቱ ከሁለቱም ወገን እኩል ስለሚገባ ይጣፋል። ልምድ ያላቸው ቀያሾች ቀኑን ሙሉ ቁመት አለመቀየርን የሚወዱት ለዚህ ነው።

በዘንጉ ላይ የታተመውን ቁጥርም በጭፍን ማመን አይገባም። ቁጥሩ የሚያገለግለው አብሮት ለተሠራው ፕሪዝምና ለአዲሱ ሹል ነው። ፕሪዝሙ ሲቀየር፣ ወይም ሹሉ በአስፋልትና በድንጋይ ላይ ተፍቆ ሲያጥር ቁጥሩ ውሸት ይሆናል። ከሹሉ ጫፍ እስከ ፕሪዝሙ መሃል በብረት ሜትር መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለተሠራበት ነገር ብዙ ማለት አያስፈልግም። አሉሚኒየም ርካሽ ነው፣ ሲወድቅ ግን ይጎብጣል። ካርቦን ፋይበር ቀላልና ግትር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚሸከመው ሰው ልዩነቱን በትከሻው ያውቀዋል። ካርቦኑ በሙቀት አይረዝምም የሚለው ማስታወቂያ እውነት ነው፤ ነገር ግን የ2 ሜትር አሉሚኒየም በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሙቀት ልዩነት የሚረዝመው 1.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፀሐይ ሥር እንኳ ለዚህ ሲባል ገንዘብ መጨመር አያስፈልግም። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የሕይወት ጉዳይ ነው፦ አሉሚኒየምም ካርቦንም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። የተዘረጋ የአራት ሜትር ዘንግ ከፍ ተደርጎ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሲቀርብ ያዡን ሊገድል ይችላል። ሽቦ ባለበት ሠፈር ለመሥራት ፋይበርግላስ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን እርጥብና ቆሻሻ ከሆነ ዋስትና ስለማይሰጥ ከሽቦው መራቅን አያስቀርም።

ዘንጉ በእጅ ሲያዝ

የዘንግ አያያዝ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ለዚህም ይመስላል ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ለአዲሱ ረዳት የሚሰጠው። ጥሩ ያዥ ፊቱን ወደ መሣሪያው አዙሮ፣ እግሮቹን ከፈት አድርጎ፣ ክርኖቹን ከጎኑ አስጠግቶ ዘንጉን በሁለት እጁ ጣቶች ይይዛል። ጨምድዶ የያዘ እጅ የልብ ምቱን ሳይቀር ወደ አረፋዋ ያስተላልፋል። ነፋስ ካለ፣ ወይም ነጥቡ ሌሎች ነጥቦች ሁሉ የሚነሡበት መነሻ ከሆነ፣ በእጅ መያዙ ቀርቶ ባለሁለት እግሩ ድጋፍ፣ ባይፖድ የሚባለው፣ መተከል አለበት። ለስላሳ አፈር ላይ ሹሉ እንዳይሰምጥ ጠፍጣፋ ጫማ ይገጠምለታል።

ከመሣሪያው ኋላ ያለው ቀያሽም ሊረዳ ይችላል። በመነጽሩ ውስጥ ያለውን ቀጥ ያለ መስመር ከዘንጉ ጋር ሲያስተያይ ዘንጉ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ማዘንበሉን ያያል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማዘንበሉን ግን ማየት አይችልም፤ ያ ለያዡና ለአረፋዋ የተተወ ነው። ለዚህ ነው የችካል አቅጣጫ ሲወሰን ፕሪዝሙን ትቶ የሚታየውን የዘንጉን የታችኛውን ክፍል ማነጣጠር የተለመደው።

ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ ፕሪዝሙን ዝቅ ማድረግ ነው። የማዘንበል ስሕተት ከቁመቱ ጋር እኩል ያድጋል፣ እኩልም ይቀንሳል። ባለ 40 ደቂቃው ደካማ ውኃ ልክ በ30 ሴንቲ ሜትር አጭር ዘንግ ላይ የሚያስከትለው ስሕተት 3.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ 8 ደቂቃው ጥሩ ውኃ ልክ በ1.5 ሜትር ላይ የሚያስከትለውም ያንኑ ያህል ነው። መሃል ላይ የሚጋርድ ነገር ከሌለ ርካሹ ዘንግ አጥሮ ከውዱ ጋር ይስተካከላል ማለት ነው። ዘንጉ አራት ሜትር ስለሚደርስ ብቻ አራት ሜትር አድርጎ መያዝ ግን በየሴንቲ ሜትሩ ስሕተት መጨመር ነው።

ውኃ ልኩ ራሱ ሊዋሽ ይችላል። ዘንግ ይወድቃል፣ በመኪና ጀርባ ይንገላታል፣ ትንንሾቹ ብሎኖችም ይላላሉ። ለማጣራት ሹሉን በማይነቃነቅ ነጥብ ላይ አሳርፎ፣ ዘንጉን በባይፖድ አቁሞ አረፋዋን መሃል ማምጣት፣ ከዚያ ድጋፉ ከቦታው ሳይነቃነቅ ዘንጉን ብቻ በራሱ ዙሪያ 180 ዲግሪ ማዞር ነው። አረፋዋ መሃል ከቆየች ደህና ነው። ከሸሸች የሸሸችበት ርቀት የስሕተቱ እጥፍ ነው፤ ግማሹን በባይፖዱ እግሮች፣ ቀሪውን ግማሽ በውኃ ልኩ ብሎኖች መመለስ ይገባል። ይህ ፈተና ግን የጎበጠ ዘንግን አያጋልጥም። ጉብጠቱን ለማወቅ ዘንጉን በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ማንከባለል፣ ወይም አጠገቡ ቱምቢ አንጠልጥሎ ከሁለት አቅጣጫ ማስተያየት ይበቃል። ግንበኛው በየቀኑ የሚጠቀምበት ቱምቢ ከቀያሹ ውኃ ልክ በላይ የማይዋሽ ዳኛ ነው፤ የሚሠራው በምድር ስበት ነውና ማስተካከያ ብሎን የለውም።

በቅርብ ዓመታት ዘንጉ ቢያዘነብልም በውስጡ ባሉ የእንቅስቃሴ መለኪያዎች ማዘንበሉን አስልተው የሚያርሙ መሣሪያዎች በገበያ ላይ ውለዋል፤ በተለይ ከሳተላይት ምልክት የሚቀበሉት። ሥራ ያፋጥናሉ፣ ዘንጉ ሊቆም በማይችልበት የግድግዳ ጥግም ይጠቅማሉ። የሹሉን መበላትና የዘንጉን መጉበጥ ግን እነርሱም አያውቁም።

ወደ መጀመሪያው ቪዲዮ ስንመለስ፣ ባለቤቱ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆም ቢሆን በዘመዱ በኩል የሚጠይቀው ነገር አለ። የፕሪዝሙ ቋሚ ቁጥር ስንት ተብሎ ገባ? የዘንጉ ቁመት ስንት ነው፣ በመካከል ተቀይሯል? በካርታው ላይ ኮኦርዲኔታቸው የሰፈረው ማዕዘኖች ከተተከሉ በኋላ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት በብረት ሜትር ተለክቶ ነበር? ከእነዚህም በተጨማሪ አንድ ነገር ማስደረግ ይቻላል። በየማዕዘኑ ከተለካ በኋላ ያዡ ዘንጉን 180 ዲግሪ አዙሮ፣ አረፋዋን እንደገና መሃል አምጥቶ ሁለተኛ እንዲለካ መጠየቅ ነው። የውኃ ልኩም ሆነ የጉብጠቱ ስሕተት ከዘንጉ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ የሁለቱ ልኬቶች አማካይ ስሕተቱን ያጣፋዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የዘንጉ ስሕተት እጥፍ ነው። ለአራት ማዕዘን የሚፈጀው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከሚፈላበት ያነሰ ነው፤ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ከሆነም የሚነቀለው ችካል ብቻ ነው።